የክንዴ ቀን

ሐምሌ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ነሐሴ ላይ ስልኩ ጠፋ። ጤና ኬላው ከተቆለፈ ወር አለፈው፤ ትምህርት ቤቱማ ከዚያም በፊት ነው የተዘጋው። ዝናቡን ግን የከለከለው አልነበረም። ጎርፉ ምንጩ ውስጥ ገባ። በመንደሩ ሰባት ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው፤ ሁለቱ ተቀበሩ።

ስምንተኛዋ ሂዊ ናት። ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። አያቷ ይስማው መደቡ ላይ ተቀምጦ በጋቢው ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስተኝቷታል። ታለቅሳለች፤ ዕንባ የላትም። የአናቷ እርግብግቢት ጎድጉዷል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሃ ከልክሏታል፤ ለተቅማጥ ውሃ መስጠት እሳት ላይ ጭራሮ መጨመር ነው ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። እናቷ የብርጓል የታመመ ባሏን ልታሳክም ለሦስት ቀን ብላ ደብረ ማርቆስ ሄደች፤ መንገዱ ከኋላዋ ተዘጋ። ይኸው ስድስት ሳምንት።

ከወንዙ ማዶ ተኩስ ተሰማ። ታላቅ እህቷ ትንቢት ከበሩ ሥር ተቀምጣ ጆሮዋን ያዘች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«እንቆቅልሽ» አላት ይስማው።

«ምን አውቅልዎ?»

«እግር የለው፤ ሳይጠሩት ከየቤቱ ይገባል።»

«ተኩስ።»

«አይደለም።»

«ተቅማጥ።»

ይስማው ጋቢውን ወደ ሂዊ አገጭ ሳብ አደረገ። «ጭስ ነው። አላወቅሽም፤ አገር ስጪኝ።»

«ደብረ ማርቆስን ሰጠሁዎ። ይሂዱና እማዬን ያምጧት።»

«እሱ ሩቅ ነው። ሌላ ስጪኝ።»

«እንግዲያው ቁይን ይውሰዱ። አያ ክንዴን እዚያ ያገኙታል።»

ይስማው ወደ በሩ ተመለከተ። ክንዴ ገና አልመጣም።

ክንዴ ጎረቤቱ ነው፤ የወንፈል ዕዳ አለበት። ዛሬ ያንተን አጭድልሃለሁ፣ ነገ የኔን ታጭድልኛለህ፤ ወንፈል ይኸው ነው። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ይስማው የክንዴን ጤፍ አጨደለት። ተራው ሲደርስ ክንዴ ሠርግ ሄዶ ቀረ። በዚያው ዕለት በረዶ ወርዶ የይስማውን ጤፍ ከአፈር ለወሰው። በኋላ ክንዴ ቀኔን ልክፈል ብሎ ሽማግሌ ላከ። ይስማው «ይኑርብህ» አለ። በዓመቱም ላከ። «ይኑርብህ።» ከዚያ ወዲህ ከለቅሶ ቤት በቀር ሰላምታ የላቸውም።

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ግን ይስማው በትሩን ተደግፎ ከክንዴ አጥር ሥር ቆመ። መድኃኒት ቤት ያለው ቁይ ነው፤ የሦስት ሰዓት መንገድ፤ የሱ ጉልበት ወፍጮ ቤትም አያደርሰውም። በመንገዱም ማን እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚተኩስ አይታወቅም።

«ያቺን ቀን ፈለግኋት» አለ።

ክንዴ አጥሩን ይዞ አየው። «ለምን?»

«ለመድኃኒት። ልጅቱ ልትሄድብኝ ነው።»

ክንዴ ዱላውን አነሣ። የቁይን መንገድ ያዘ።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሂዊ ማልቀሷን ተወች። ይስማው ለቅሶዋ ናፈቀው። ጆሮውን ከአፏ አስጠግቶ ትንፋሿን ሲያዳምጥ ትንቢት ብድግ አለች።

«አያ ክንዴ መጣ! ጭቃ ብቻ ሆኗል!»

ክንዴ ጎንበስ ብሎ ገባ። ቆቡን አውልቆ ከውስጡ በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት ፓኬት የሚበጠበጥ መድኃኒት መደቡ ላይ አስቀመጠ።

«በማሳ በማሳው ነው የመጣሁት። ሁለቴ ፈፋ ውስጥ ተኝቻለሁ» አለ። «የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለህ? ልጅቷ ውሃ ታገኛለች ወይ አለችኝ። አያቷን ሳውቀው የያዘውን አይለቅም፣ አይሰጣትም አልኋት።»

«ምን አለች?»

«በዱላ በለው አለች። የሚገድላት የውሃው ማጣት ነው። አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ፤ በማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ። ብታስመልሰውም ቆይታችሁ እንደገና ስጧት። በዚሁ አልሻል ካላት ግን ተሸክማችሁም ቢሆን አምጧት ብላለች።»

ይስማው ጥግ ያለውን እንስራ አየ። ሂዊ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኗን ያልነቀለችው ከዚያ እንስራ ላይ ነበር። እሱ ጥግ ጥጉን የምታየው ፈርታ መስሎት ፊቷን ወደ ግድግዳው ሲያዞራት ነበር።

ትንቢት ጠዋት የፈላውን ውሃ በአንድ ሊትሩ የሃይላንድ ላስቲክ ለካች። ክንዴ እጁን ታጥቦ በጠበጠ። ይስማው ማንኪያውን ያዘ፤ የመጀመሪያው ማንኪያ አገጯ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ዋጠች። ሦስተኛው ላይ ማንኪያውን በጥርሷ ነክሳ ያዘች፤ አልለቅም አለች። ከዚያ ሁሉንም አስመለሰችው። ይስማው ክንዴን አየው።

«እንደገና ነው ያለችው» አለ ክንዴ።

እንደገና ጀመሩ። ተኩሱ ሲቀርብ በሩን ዘጉ፤ ሲርቅ ገርበብ አደረጉት።

ከቆይታ በኋላ ክንዴ ወገቡን ያዝ አድርጎ ተነሣ። «እንግዲህ ልሂድ።»

«ፀሐይ አልጠለቀችም» አለ ይስማው ከማንኪያው ቀና ሳይል። «ወንፈል እስከ ምሽት ነው።»

ክንዴ በአፍንጫው ሳቀ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ማንኪያውንም ተቀበለው።

«አያ ክንዴ፣ እንቆቅልሽ» አለች ትንቢት።

«ምን አውቅልሽ?»

ጠየቀችው። አላወቀም። ጉንደ ወይንን ሰጣት፣ መርጡለ ማርያምን ሰጣት። ደብረ ማርቆስን ሲሰጣት ግን ለአያቷ መስጠቷን ነግራው አልተቀበለችም።

በበሩ ደፍ ላይ ያለው ብርሃን ቀጥኖ ክር ሲያክል፣ ይስማው ጭኑ ላይ ሙቀት ተሰማው። ጋቢውን ገልጦ አየ፤ አሸተተ። ተቅማጥ አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ደርቃ የዋለችው ልጅ ሸንታለች።

የረጠበውን የጋቢ ጫፍ ወደ ክንዴ ዘረጋለት። ክንዴ በሁለት ጣቱ ነካው፤ ጣቱን ቶሎ አላነሣም።

«ቤትህ ግባ በቃ» አለ ይስማው። «ቀኔን ሰጥተኸኛል።»

ክንዴ ዱላውን ይዞ ወጣ። ትንቢት ጋቢውን ልትቀይርለት መጣች። ይስማው እጁን በእርጥቡ ላይ ጭኖ አልሰጥም አላት።