«ሾርባው ውስጥ መርዝ አለ»

«መርዝ ነው... ይቺ ሴትዮ መርዝ እያበላችኝ ነው።»

አዛውንቷ ይህን ብለው አፋቸው ውስጥ የነበረውን ሾርባ ምራታቸው ቀሚስ ላይ ተፉት።



ያን ቀን ሁለት የጎረቤት ሴቶች ሊጠይቋቸው መጥተው ሳሎን ተቀምጠው ነበር።

ተያዩ። አንደኛዋ የያዘችውን ሻይ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች... ደግማም አልነካችው።

ወዳጆቼ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እኚህ እናት የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ቆይቷል። የሚኖሩት ከወንድ ልጃቸውና ከሚስቱ ጋር ነው።

ልጁ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። ምራትየዋ ፀጉር ሰሪ ነበረች። እሳቸውን ለመጠበቅ ስትል ሥራዋን ትታ ቤት ዋለች።

ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ጫማቸውን ፍሪጅ ውስጥ ሲደብቁ እየሳቀች ታወጣዋለች።

ስሟን ቢረሱትም «ልጄ» ይሏት ነበር... ሰሞኑን ግን «ይቺ ሴትዮ» ሆነች።

ማንኪያ ስታቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ስትለምናቸው እጇን ይመታሉ።

«እማማ፣ መርዝ የለበትም። ይኸው እኔም ቀመስኩት።»

«አንቺማ ማርከሻውን ታውቂዋለሽ።»



ወሬ ክንፍ አለው... ሰፈሩን አዳርሶ የባሏ ታላቅ እህት ጆሮ ገባ። ቤተሰቡ «ኮማንደሯ» ነው የሚላት። እሷ ስትናገር ሌላው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማላ።

አንድ ማታ ኮማንደሯ መጣች። ከቦርሳዋ ቀዝቃዛ እርጎ አወጣች... እናቷ ጭልጥ አደረጉት።

«አየሽ?» አለች ወደ ምራትየዋ ዞራ። «ከእኔ እጅ ሲሆን ይጠጣል።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«እናታችን ሰው በሐሰት ከሳ አታውቅም። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ። እኔና አንቺ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ምራትየዋ ባሏን አየችው... ባሏ መሬት መሬቱን ያያል።

ልቧን የሰበረው ግን ይሄ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ፣ ባሏ ለእናቱ ከተቀዳው ሾርባ በማንኪያ ሲጨልፍ አገኘችው። መጀመሪያ አሸተተው... ከዚያ በምላሱ ጫፍ ቀመሰው።

ሲያያት ደነገጠ። «ትኩስ እንዳይሆን ብዬ ነው» አለ።

ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው።

እሱ ወደ ሥራው ሄደ። እሷ ሳህኑን ይዛ አማቷ ፊት ቁጭ አለች። ማንኪያውን ሳታነሳው ገና...

«መርዝ ነው» አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትምል ትገዘት ነበር። ያን ቀን ግን ለክርክር የሚሆን አቅም አልቀራትም። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«እሺ እማማ... መርዝ ይሁን። አምኛለሁ።»

አዛውንቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«የት ጋ ነው የሚያቃጥልዎት? እስቲ ያሳዩኝ።»

እጃቸውን አነሱና ግራ ጉንጫቸው ላይ አሳረፉት። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እዚህ... መርዙ እዚህ ነው ያለው።»

በጣቷ ጫፍ ነካ ብታደርገው ዘለሉ። ጉንጫቸው ይፋጃል።

ለባሏ ደወለች። «አሁኑኑ ና» ብቻ ነው ያለችው።

ተያይዘው የወሰዷቸው የጥርስ ሐኪም ታጋሽ ሰው ነበር። አፋቸውን ለማስከፈት አልታገላቸውም። እጃቸውን ይዞ ስለለበሱት ሹራብ ሲያጫውታቸው ቆየ... ፊታቸው ፈታ ሲል ነው መብራቱን ያበራው።

አይቶ ሲጨርስ ወደ ልጁ ዞረ።

«እናታችን አልተሳሳቱም» አለ። «አፋቸው ውስጥ መርዝ አለ።»

የልጁ ፊት ቀለሙ ተለወጠ።

«ጥርሳቸው ሥር መግል ቋጥሯል። ትኩስ ነገር ሲነካው፣ ሲያኝኩ፣ ይነሳባቸዋል። ሲፈስ ደግሞ መራራ ነው። 'ጥርሴን አመመኝ' ማለት ቢጠፋባቸው ያገኙትን ቃል ተጠቀሙ።»

«እህቴ የሰጠቻቸውን እርጎ ግን ጠጥተዋል እኮ...»

«ቀዝቃዛ ነዋ። ማኘክም የለበትም።»

ባልየው ሚስቱን ኮሪደሩ ጥግ ላይ አገኛት።

«ሾርባውን የቀመስኩት... ሙቀቱን ለማወቅ አልነበረም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ይቅር በዪኝ።»

ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችና አለቀሰች... ሸክም ያወረደ ሰው ልቅሶ።

መግሉ ወጣ፣ መድኃኒት ተጀመረ፣ ሲሻላቸው ጥርሱ ተነቀለ።

ቅዳሜ ኮማንደሯ እንዳለችው ሻንጣ ይዛ መጣች። ወንድሟ በር ላይ ሁሉንም ነገራት። ሻንጣዋን እዚያው አስቀምጣ ገባች።

እናቷ ከምራታቸው እጅ ሾርባ እየጠጡ ነበር። ድንገት ቆም አሉ... ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ።

«ጨው አንሶታል» አሉ አዛውንቷ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቁ አብረው ሳቁ።

ኮማንደሯ ዓይኗን ጠራርጋ ምራትየዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ የእኔ ተራ ነው። አንቺ ወጣ ብለሽ አየር ተቀበዪ። ጎረቤቶቹን ደግሞ ለእኔ ተዪያቸው።»

ከኮማንደሯ አፍ ይሄ ትልቅ ይቅርታ ነው...

የመርሳት በሽታው አልጠፋም። ዛሬም ይረሳሉ፣ ዛሬም አንዳንዴ ይቆጣሉ። ግን በዚያ ቤት አሁን ማንም አይከራከራቸውም... መጀመሪያ «ምን ሆነው ይሆን?» ነው የሚባለው።

ወዳጆቼ፣ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ሲጮህ፣ ሲማታ፣ ሲከስ ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም። ሕመም ሊሆን ይችላል... ፍርሃት፣ ረሃብ፣ ብርድ። ቃሉ ቢሳሳትም ስሜቱ እውነት ነው። የሚያስታምመውንም ሰው ሳንጠይቅ አንፍረድበት።

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ... በባልየው ቦታ ብትሆኑ እናንተስ ሾርባውን ትቀምሱት ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።