አንድ ሲቀነስ

ሱጃታ ከአድራሻው ላይ አንድ ቀነሰችና ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት የወደቀ ማሽን የተወውን መዝገብ መሣሪያው እንደገና እንዲያነበው አዘዘች። በአጥፊነት የሚጠራው ስም ተቀየረ። ያኔ አብሯት ይሠራ የነበረው የኩርያኮስ ሥራ ነው ብላ የማለችበት መስመር ላይ አሁን የሌላ ሰው ሥራ ተጽፏል።

«አለቀ?» አላት ባልደረባዋ ሻፊቅ ከጎኗ፣ አፉን በሙዝ ጥብስ ሞልቶ። «አንድ ለመቀነስ ሦስት ቀን! እኔ በልጅነቴ በጣቴ ቆጥሬ እበልጥሽ ነበር።»

አልሳቀችም። ውጭ የደቡብ ህንዷ ከተማ የትሪቫንድረም የክረምት ዝናብ የቢሮውን መስኮት ይደበድባል።

ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚያናድደውም ቀላልነቱ ነው። ማሽን ሲወድቅ ከርነሉ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ እምብርት፣ የት እንደነበረ በቁጥር ብቻ፣ አድራሻ በሚሉት፣ ትቶ ያልፋል። ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልሰው የሱጃታ መሣሪያ ነው። ታዲያ አንዱ የፕሮግራም ክፍል በመጨረሻ መስመሩ ላይ ማሽኑን ካቆመው፣ ቁጥሩ ሁልጊዜ ቀጣዩን ቦታ ስለሚያመለክት የሚቀጥለውን ክፍል ደጃፍ ይረግጣል። መሣሪያውም ደጃፉን አይቶ የጎረቤቱን ስም ይጠራል። አጥፊው ላይኛው ቤት፣ ተከሳሹ ታችኛው፤ አንድ ሲቀነስ ግን ቁጥሩ ወደ አጥፊው ቤት ይመለሳል።

ኩርያኮስ ያኔ ነግሯታል። «ሞሌ፣ የኔን ኮድ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እስቲ መሣሪያሽን ፈትሺው» ብሏት ነበር። ሞሌ የሚላት እንደ ልጁ ስለሚያያት ነው። እሷ ግን የአንድ ትልቅ ደንበኛ ማሽኖች በየቀኑ እየወደቁ መፈናፈኛ አጥታ ስለነበር፣ የዓለም የከርነል ሠራተኛ ሁሉ በሚያነበው የደብዳቤ መድረክ ላይ ጻፈች፦ «መሣሪያው አይዋሽም። እንዲህ በግዴለሽነት ከሚሠራ ሰው ከእንግዲህ አንዲት መስመር አልቀበልም።» ነገር ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኩርያኮስ በወሩ ሥራውን ለቀቀና ፓላ ወደሚባል ገጠር ሄዶ የአባቱ የጎማ ዛፎች ውስጥ ገባ። እውነተኛው ጥፋት በዓመቱ በሌላ እጅ ታርሟል፤ ያን ጊዜ ማንም በማንም ላይ አልጮኸም።

«ማረሚያውን ላኪው እንግዲህ!» አለ ሻፊቅ።

«ከሥሩ ጉድለቱን የጠቆመው ሰው ስም ይገባል። የኩርያኮስን ልጽፍ ነው።»

«ታዲያ ጻፊው፣ ማን ያዘሽ?»

«ሳልጠይቀው?»

ደወለች። ብዙ ከጠራ በኋላ ተነሣ።

«ኩርያኮስ ቼታ፣ ሱጃታ ነኝ።» ቼታ፣ ታላቅ ወንድሜ እንደ ማለት ነው፤ ድሮም የምትጠራው እንደዚያ ነበር።

ከወዲያም ዝናብ ይሰማል። «ማዳም ሱጃታ» አለ። «ምን ልታዘዝ?»

ሞሌ መባሏ ቀርቷል። «መሣሪያው ተሳስቶ ነበር። አንተ ልክ ነበርክ። አንድ ቁጥር መቀነስ ነበረብን፣ በቃ።»

«ብዬ ነበር እኮ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ! ለማንኛውም ደግ አደረጉ፣ ማዳም። ዛሬ ዝናብ ስለሆነ የጎማ ወተት አይለቀምም፣ ቁጭ ብያለሁ፤ ሌላ ካለ ይንገሩኝ።»

«ስምህን ከማረሚያው ሥር ልጽፈው ነው። መጀመሪያ የጠቆምከው አንተ ነህ። ትፈቅድልኛለህ?»

«ያ ደብዳቤ ይጠፋል?»

መዋሸት አማራት። «አይጠፋም» አለች። «እዚያ የተጻፈ አይሰረዝም። ቅጂው በየአገሩ ነው ያለው።»

«ትሬሳ ኮምፒውተር ልታጠና ነው» አለ። ድምፁ ወረደ፣ ማዳምም ቀረ። «ልጄ። ባለፈው ስሜን በኢንተርኔት ስትፈልግ መጀመሪያ የወጣላት ያንቺ ደብዳቤ ነው። እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብላ ከላይ ጀምራ አነበበችው። ‹አፓ፣ እውነት ግዴለሽ ነበርክ እንዴ?› አለችኝ። ምን ልበላት? መሣሪያው አይዋሽም ብለሻል።»

«ይቅር በለኝ» አለች ሱጃታ። ሌላው ቢቀር ስለ ጩኸቷ እንኳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላለችው ቃል ነው፤ ከአፏ ሲወጣ እጅግ አነሰባት።

«እኔስ ዛፌን ይዣለሁ። ጻፊው፣ ግድ የለም። ግን እሷ የምታየው ቦታ ጻፊው።» ስልኩ ተዘጋ።

ሱጃታ ማረሚያውን ትታ የድሮውን ደብዳቤ ከፈተች። መልስ የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ተሳስቼ ነበር። ያኔም ልክ የነበረው ኩርያኮስ ነው፤ ግዴለሿ እኔ ነበርኩ» ብላ ጻፈች፤ ሙሉ ስሟን አስገብታ ላከችው። ሻፊቅ ወንበሩን አስጠግቶ አነበበ፤ አልቀለደም።

መድረኩ ደብዳቤ የሚደረድረው በመጣበት ቀን ነው። አዲሱ ከሁሉም ሥር ተቀመጠ። አናት ላይ ያ የጥንቱ አለ፤ በሁለቱ መሀል ደግሞ ያኔ «ልክ ብለሻል» እያሉ የተቀባበሏት አርባ አንድ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሱጃታ ወደ ላይ ወጣችና እንደ ትሬሳ ከመጀመሪያው ማንበብ ያዘች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ዓይኗን እንባ ሞላው። ይቅርታዋ ጋ ለመድረስ ገና ሃያ አራት ይቀራል።