የላቬንደር ከረጢት

"አራት እየቆጠራችሁ አየር ሳቡ… ያዙ… ልቀቁ" አለች የአተነፋፈስ ልምምድ አስተማሪዋ። ማርሊስ በቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት ምንጣፏ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ላቬንደር የሚባል ደስ የሚል ሽታ ያለው ደረቅ አበባ የታጨቀባት ትንሽ ከረጢት ዓይኗን ሸፍናላት፣ እንደታዘዘችው ተነፈሰች። ምንጣፉንም ከረጢቷንም የገዛችላት፣ አጠገቧ የተጋደመችው ጓደኛዋ ኮሪን ነበረች። "ነይ እንጂ! ትከሻሽ እኮ በጭንቀት ጆሮሽ ጋ ደርሷል" ብላ እየሳቀች ነበር ጎትታ ያመጣቻት። እውነትም ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ፤ እናቷ ከተቀበሩ ወዲህ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም።

"ራሳችሁን ይቅር በሉ" ቀጠለች አስተማሪዋ በለሰለሰ ድምጿ። "የአንዲት ሴት ታሪክ ልንገራችሁ። እናቷ ፎቅ ላይ ሲያጣጥሩ፣ እሷ መውጣት አቅቷት ሆስፒታሉ በር ላይ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ዶናት ትበላ ነበር። ለእሷም እኮ ይቅርታ ይገባታል።"

"ውይ፣ እናትየዋ ሲያሳዝኑ!" አለች አንዷ ከወደ ጥግ።

የማርሊስ ጣቶች ምንጣፉን ጨመደዱት። አስተማሪዋን ገና ዛሬ ማየቷ ነው። የዶናቱን ነገር ለባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለችም፤ ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከረጢቷን አንስታ ወደ ጎን ማየት ፈለገች፤ እጇ ግን እምቢ አላት። ስለዚህ ተኝታ አዳመጠች።

"ልቀቁ" አለች አስተማሪዋ።

ክፍሉ በሙሉ ባንድ ላይ እፎይ አለ። ከኮሪን ምንጣፍ ግን ትንፋሽ አልተሰማም።