ከኮርኒሱ በላይ

ሬዲዮው ማርሽ ብቻ ማሰማት ከጀመረ መንግሥት ተለውጧል ማለት ነው፤ እናቴ ወዲያው መሰላሉን ታቆማለች። አዲሶቹም እንደ አሮጌዎቹ ለጦርነት ወጣት ማፈሳቸው አይቀርምና ወንድሜ ኮርኒስ ውስጥ ይደበቃል። አፋሾቹ ሲሄዱ አባቴ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ያንኳኳለታል፤ ውረድ ማለቱ ነው።

ባለፈው ለውጥ ጊዜ ግን አባቴ ቸኮለ። ወንድሜ ሲወርድ ወታደሮቹ ገና በረንዳው ላይ ነበሩ። ይዘውት ሄዱ፤ ከግንባር የመጣልን መርዶው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ መጥረጊያ በእጁ ነክቶ አያውቅም።

ትናንት ደግሞ ማርሹ ተሰማ። ዛሬ ረፋድ ላይ አዲሶቹ መጡ።

«ወንድ ልጅ አለሽ?»

«የለኝም» አለች እናቴ። ስትዋሽ ፍንክች የማይለው ድምፅዋ እውነቱን ስትናገር ተንቀጠቀጠ።

ቤቱን በርብረው ወጡ። ሦስታችንም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ከኮርኒሱ አቧራ ጠረጴዛው ላይ ረገፍ ረገፍ አለ።

«እማዬ፣ ሄዱ?» አለ የወንድሜ ድምፅ።

አባቴ እያለቀሰ መጥረጊያውን አነሳ። እናቴ ግን እንጨቱን ጨምድዳ ያዘችበትና ወደ ላይ ቀና አለች።

«አልሄዱም የኔ ጌታ፤ እንዳትወርድ።»