የእማ ግድግዳ

ካሜራውን ከአልጋዋ ራስጌ ወዳለው ግድግዳ አዞራለሁ። እማ ከኋላዬ ቆማ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ታያለች። ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ነው፤ የሞቀው ብርቱካናማ፣ የቀዘቀዘው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እንጀራዬ ይኼ ነው፤ የሰው ቤት ሙቀቱን በየት በኩል እንደሚያፈስ እፈልግና እደፍናለሁ።

ዛሬ ግን ለሥራ አልመጣሁም። አይቼ ልደሰት ነው።

ከሌላ ከተማ ሥራ የተመለስኩት ከትናንት በስቲያ ነው። ከመሄዴ በፊት ከፈረሰ ሆቴል የተረፈ ሙቀት መያዣ ሱፍ ለምኜ፣ በዚህ ግድግዳ ልክ አንድ በአንድ ቆርጬ፣ አስሬ፣ ኮሪደሯ ላይ ደርድሬላት ነበር። የእማ ደረት ብርድ አይችልም። ታላቅ ወንድሜ የጂፕሰም ሠራተኛ ነው፤ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እገጥመዋለሁ» አለኝ። ሲገጥመውም ደውሎ መጋጠሚያው በምን እንደሚለጠፍ፣ ሶኬት ያለበት ጋ እንዴት እንደሚቆረጥ ጠየቀኝ። ሥራ ላይ ነበርኩና ከመሰላል ወርጄ እዚያው ሥሩ ተቀምጬ፣ ይችን ግድግዳ በዓይነ ልቦናዬ እያየሁ፣ የማውቀውን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት።

«ምን ይላል?» ትለኛለች እማ።

ግድግዳው ሰማያዊ ነው። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ። ቋሚ እንጨቶቹ ብቻ ሞቅ ብለው እንደ ጎድን አጥንት ተገትረዋል። ሱፍ ቢኖር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ እንጨቱ ቀዝቅዞ መሃሉ ይሞቅ ነበር።

«ገና አልተስተካከለም» እላለሁ። ማንን እንደምዋሽ አላውቅም።

ቆጣሪውን አጠፋና በካቻቪቴ የሶኬቱን ክዳን መፍታት እጀምራለሁ።

«ተዪው ልጄ፣ ኤሌክትሪክ ነው» ትላለች ፈጠን ብላ። ቆጣሪውን ሳጠፋ ግን አይታኛለች።

ክዳኑ ይወጣል። በሳጥኑ ዳር ጣቴን አስገባለሁ። የሚነካኝ ነገር የለም። ብርድ ብቻ ጣቴን እየላሰ ይወጣል።

«እማ፣ ሱፉ የታለ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ሻርፗን ትፈታና መልሳ ታስረዋለች። ከሹራቧ ሥር ሌላ ሹራብ መደረቧን አሁን ነው የማየው።

«ወንድምሽ ጋ ነው» ትላለች። «ሚስቱ አራስ ነበረች። ሕፃኑ በብርድ ከሚቆራመድ ብዬ…»

«እሱ ጠየቀሽ ወይስ አንቺ ሰጠሽው?»

«ጠየቀኝ። እሺ አልኩት።»

«ለሕፃኑ ክፍል?»

የአልጋ ልብሱን በመዳፏ ታስተካክላለች።

«ሳሎኑ ነው እማ። ትናንት ምሳ ጋብዞኝ ተቀምጬበታለሁ።»

መቀመጥ ብቻ አይደለም። «እስቲ በካሜራሽ እይልኝ» ብሎኝ ነበር እየሳቀ። አየሁለት። ከእንጨቶቹ ቀዝቃዛ መስመር በቀር ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ወጥ ብርቱካናማ፤ መጋጠሚያው እንኳ አይታወቅም። «ከየት አመጣኸው ጋሼ?» ስለው «ከሥራ የተረፈኝ ነው» አለኝ። እኔም ትከሻውን መታ አድርጌ «አንተማ ከኔ በለጥክ» አልኩት።

«እሱ እንግዳ ይበዛበታል» ትላለች እማ ቀስ ብላ። «እኔ ጋ ማን ይመጣል?»

«በደወልኩ ቁጥር ቤቱ ሞቀ ትዪኝ ነበር። ካፖርቴን ጣልኩት ብለሽኛል።»

«እንዳታዝኚ ብዬ ነዋ።»

«ሳልሽስ? አንድ ቀን እንኳ ሲያስልሽ አልሰማሁም።»

«ስልኩ ሲጠራ ውሃ እጎነጭ ነበር።» ፈገግ ልትል ይቃጣታል፤ ብልሃቷን እንዳደንቅላት ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«ብትነግሪኝ ለሱም እፈልግለት ነበር እኮ። ለሁለታችሁም ይዤ እመጣ ነበር።»

«አትንገሪያት አለኛ። ምን ላድርግ? ልጆቼ ሲጣሉ ማየት አልወድም።»

እኔስ የማን ልጅ ነኝ ልላት አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ።

ክዳኑን መልሼ ማሰር ይከብደኛል። አንዱ ብሎን ይሽከረከራል እንጂ አልይዝ ይላል። እንደምንም አስሬው ቆጣሪውን አበራለሁ። ሻይ ልታፈላ ስትነሳ «ሥራ አለብኝ» ብዬ ጉንጯን ስሜ እወጣለሁ። እሷም አትለምነኝም።

መኪናዬን ያቆምኩት ከቤቱ ጀርባ ነው። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ አጣዋለሁ። ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ ስፈልግ ድምፅዋን እሰማለሁ። ከፊቴ ያለው የመኝታ ቤቷ ግድግዳ ነው። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ድምፅዋ ግን አጠገቤ የቆመች ያህል ጥርት ብሎ ይመጣል። ስልክ እያወራች ነው።

«አየችው» ትላለች። ትንሽ ታዳምጣለች። «አይ፣ አልጮኸችም። ትንሽ ከፋት መሰለኝ።»

ቁልፉ እጄ ገብቷል። እኔ ግን ቆሜ ቀርቻለሁ።

«ዛሬ እንዳትደውልላት» ትላለች እናቴ፣ ልጅ በሚያባብል ለስላሳ ድምፅ። «አይዞህ፣ አንተ ምንም አታስብ። ታውቃታለህ አይደል? ሌላ ታመጣለች።»