በራሱ ስም ብቻ
ለዓመታት ሲያንገበግባት የኖረው፣ የስፌት ቤቷ ኮምፒውተር ታናሽ ወንድሟ ካልመጣ በጄ አለማለቱ ነበር። የደንበኞችን ልክ የሚይዘውን ፕሮግራም የሠራላት እሱ ነው፤ ፕሮግራሙ ያለነሱ የማይሠራባቸውን፣ ላይብረሪ የሚባሉ አጋዥ ፋይሎች ግን የጫናቸው በራሱ ስም ብቻ ነበር። እሷ በስሟ በገባች ቁጥር ማሽኑ "አልተገኘም" ይላታል። ያን ቀንም ደንበኛ በር ላይ አቁማ፣ ወንድሟን ለምና ነው ያስመጣችው።

"ይኸው እትዬ፣ ተከፈተልሽ" ብሎ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ተጭና አስቀመጠችው።

"ልመና መሮኛል። ማንም ቢገባ እንዲሠራ አድርገህ ጫነው።"

"ሊኑክስ የሚሉት ሲስተም እኮ ነው! የቀሚስ ዚፕ መቀየር መሰለሽ?"

"አዎ፣ መሰለኝ።"

እያጉረመረመ ላይብረሪዎቹን በማንም ስም ቢገባ እንዲገኙ አድርጎ ለማሽኑ በሙሉ ጫናቸው። እሷም እጇን ከትከሻው ሳታነሳ ጎንበስ ብላ ስሟን ባንድ ጣት እየለቀመች ጻፈች፤ የደንበኛዋ ልክ ከነወገቧ ከነትከሻዋ ድቅን አለ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ የተሰማት ግን ድካሟ ብቻ ነው። ትከሻውን ለቀቀችው። እሱ አልተነሳም።

"ከእንግዲህ በምን ሰበብ ትጠሪኛለሽ?" አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

የሚቀልድ መስሏት ፊቱን አየችው። እየቀለደ አልነበረም።

"እሁድ ቤት ና" አለችው። "ዝም ብለህ ና። ምንም የተበላሸ ነገር የለም።"