የዳኛው አቮካዶ

ሸዋዬ የአቮካዶ ጁሱን ዳኛ ብዙአየሁ ፊት ስታስቀምጥ ጁስ ቤቱ ፀጥ አለ።

ጠረጴዛዬ ከእሳቸው ጠረጴዛ ጋር የተገጠመ ነው። ስለዚህ አውቃለሁ፤ በምሳ ሰዓት ሁልጊዜ የሚጠጡት ይህንኑ ነው። ከነገ ወዲያ የሚፈርዱት ግን በአቮካዶ ጉዳይ ነው። ታቦር ክፍለ ከተማ የወይዘሮ ተዋበች ዛፍ አጥር ተሻግሮ በጎረቤታቸው በአቶ ኩማ ግቢ ፍሬውን ያራግፋል። የወደቀው የማን ነው? ሀዋሳ ለሁለት ተከፍላለች። የቀድሞው ዳኛ ሰርግ ላይ «መቼም ፍሬው የባለዛፏ ነው» ስላሉ ከችሎቱ ተነስተው ክርክሩ ስምንት ወር ተጓተተ።

ያስነሷቸው የኩማ ጠበቃ፣ አቶ ግዛቸው፣ ይኸው ከሚሊኒየሙ ፖስተር ሥር ተቀምጠው የእስክሪብቷቸውን ክዳን ከፍተዋል።

አንድ ባጃጅ ነጂ ነገር ጀመረ። «ሸዋዬ፣ አቮካዶው ከማን ነው? ከተዋበች ነው ከኩማ?»

«ከገበያ ነዋ!»

«ገበያ ያወጣውስ?»

«አንተ ዝም ብለህ ጠጣ! መዝገብ ቤት መሰልኩህ እንዴ?»

ዳኛው ብርጭቆውን አዩት። ከማን እንደተገዛ እንዳይጠይቁ፣ ጁስ ቤት ምስክር ሰሙ ይባላል። ቢጠጡት የተዋበች ወገን «የኩማን ፍሬ ቀመሱ» ይላል። ቢተዉት ግዛቸው «የኩማን ፍሬ ተጸየፉ» ይላሉ። እጃቸው ሄደ፤ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ምን አጎደልኩ?» አለች ሸዋዬ ቅር ብሏት። «ሎሚውን እንደሚወዱት ነው ያደረግኩት እኮ።»

«ውሃ» አሉ ዳኛው።

ግዛቸው ጻፉ።

«አምቦ ነው የቧንቧ?»

ዳኛው አፋቸውን ከፈቱና ግዛቸውን አይተው ዘጉት። በጣታቸው ቧንቧውን አሳዩ። በዚያችው ጣት የጁሱን ብርጭቆ ትንሽ ገፋ አደረጉት። የሁለቱን ጠረጴዛዎች መጋጠሚያ ተሻግሮ እኔ ፊት ቆመ።

«ክቡር ዳኛ» አሉ ግዛቸው፣ ድምፃቸው ማር ሆኖ፣ «ይሄስ አሁን የማን ነው?»

ወንበሩ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ዳኛው ሸዋዬ የቀዳችላቸውን ውሃ ጨለጡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ተነሱ።

«ምን ታየዋለህ? ይጠቁራል፣ ጠጣው!» አለችኝ ሸዋዬ።

ይህን ያህል ዓይን አርፎብኝ አያውቅም። ብርጭቆውን አነሳሁና ጠጣሁ።

ዳኛው በሩ ላይ ቆመው ወደ ኋላ አዩ። ስውጥ ጉሮሯቸው ከእኔ ጉሮሮ እኩል ወጣ፣ ወረደ።